ዳገት ላይ ውሃ የሚያፈላ ኮሮላ፦ ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት

ጥያቄ፦ መኪናዬ የ1994 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን ሞተሩ ባለ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስነዳው ችግር የለበትም። ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ ግን የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ውሃም ያፈላል። ከጉዞ በኋላ አንድ ሊትር ያህል ውሃ እጨምርበታለሁ፤ መኪናው ባደረበት ቦታ ላይ ግን የፈሰሰ ነገር አይታይም። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን (ሲሞቅ የሚከፈተውን የውሃ ቫልቭ) አውጥቶ ጣለው፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ቤንዚንም ይበላል፣ ዳገቱ ላይ ግን ምንም አልተሻለውም። ሌላው መካኒክ ደግሞ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚገናኝበት ማሸጊያ፣ ስለተቃጠለ ሞተሩ ይከፈት ይላል። ከማስከፈቴ በፊት ቤቴ ሆኜ ላጣራው የምችለው ነገር አለ?

ምላሽ፦ አለ፤ አብዛኛውንም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨርሰው ማየት ይችላሉ። ከገለጹልን ምልክቶች ተነሥቼ ስናገር መጀመሪያ የምጠረጥረው ጋርኒሲዮኑን አይደለም። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚሞቅ፣ ውሃ የሚያጎድል ነገር ግን በቆመበት የማያፈስ መኪና፣ በብዙው አጋጣሚ ግፊት መያዝ ያቃተው የማቀዝቀዣ ሥርዓት ያለው መኪና ነው። በዚህ ላይ የቴርሞስታቱ መውጣት ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ጋርኒሲዮን መቃጠሉም የማይሆን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ቴስታታ ሳይከፈት ሊረጋገጥ የሚችል ጉዳት በመሆኑ በግምት ብቻ ሞተር ሊከፈትበት አይገባም።

ግፊቱን ያስቀደምኩበት ምክንያት እርስዎ ከሚኖሩበት ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ክዳኑ የተከፈተ ድስት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተርዎ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሆን በሚገባ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህም ማለት ሞተሩ በጤንነቱ የሚሠራበት ሙቀትና በከተማችን ውሃ የሚፈላበት ሙቀት የተራራቁ አይደሉም። በመካከላቸው ልዩነት የሚፈጥረው የራዲያተሩ ክዳን ብቻ ነው። ለዚህ መኪና የሚሆነው ክዳን 0.9 ወይም 88 ኪሎፓስካል የሚል የግፊት ቁጥር የተመታበት ነው። ይህ ክዳን ግፊቱን በደንብ ሲይዝ ንጹሕ ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ 114 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይፈላም፤ እኩል በእኩል ከኩላንት (ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጋር የተቀላቀለ ሲሆን ደግሞ ወደ 120 ዲግሪ ይጠጋል። ላስቲኩ ደርቆ የተሰጠውን ግፊት ሩብ ያህል ብቻ የሚይዝ ክዳን ከሆነ ግን መፍያው ወደ 99 ዲግሪ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ሞተሩ ከዚህ በታች ስለሚቆይ ምንም አይታይም፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ይህን ድንበር ማለፉ የማይቀር ነው።

የአባይ በረሃ ይህን ድካም የሚያጋልጠው ለዚህ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣሉ። ሲነሡ በረሃው ውስጥ ያለው አየር ሞቃት ስለሆነ ራዲያተሩ ሙቀቱን ለማስወጣት ይቸገራል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ይሳሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል የቀለለ ስለሆነ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚያልፈው አየር ይዞት የሚሄደው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ሞተሩም በሳሳ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ነጂው ቤንዚኑን አጥብቆ ይረግጣል። ክዳኑ ያልያዘ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ ድልድዩ አካባቢ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላ የነበረው ውሃ ደጀን አፋፍ ላይ ከ92 ባልበለጠ ይፈላል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ የውሃው መፍያ በተቃራኒው እየወረደ ይመጣል ማለት ነው።

የጠፋው አንድ ሊትርም በዚሁ ይብራራል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ ውሃውን ገፍቶ በክዳኑ ሥር ወደ ፕላስቲኩ ተጠባባቂ መያዣ ያሻግረዋል፤ መያዣው ሲሞላ ትርፉ በቀጭኗ ቱቦ መንገድ ላይ ይፈስሳል። እርስዎ ቤትዎ ገብተው መሬቱን ሲያዩ መኪናው ቀዝቅዟል፣ የሚፈሰውም ዳገቱ ላይ ቀርቷል። በሚቀጥለው ጉዞ በጎደለ ውሃ ስለሚነሡ ከበፊቱ ቀድሞ ይሞቃል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ነው። ኮፈኑን ከፍተው ክዳኑን ያውጡና ገልብጠው በቀን ብርሃን ይመልከቱት። ትልቁ የላስቲክ ቀለበት ለስላሳና ተለጣጭ መሆን አለበት፤ በጥፍር ሲጫኑት እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ ወይም የራዲያተሩ አንገት ጠርዝ ጥልቅ ክብ ምልክት ከተወበት ዕድሜው አልቋል። መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ብረት አለች፤ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ሲስቧት ትንሽ ከፈት ብላ ስትለቀቅ ወዲያው መመለስ አለባት። ይህች ትንሽ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከተጠባባቂው መያዣ ውሃ መልሳ የምታስገባ ናት፤ በነጭ ቅርፊት ከተያዘች ውሃው ወጥቶ ይቀራል፣ የላይኛው የጎማ ቱቦም ሲነጋ ተጨማድዶ ይገኛል። ከዚያ የራዲያተሩን አንገት ውስጠኛ ጠርዝ በጣት ይዳስሱት፤ ዝገት የበላው ወይም የተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ አዲስ ክዳን ቢገጠምም አይይዝም።

ክዳኑ ሲታይ ደህና ቢመስልም ሥራውን ይሠራ እንደሆነ የሚታወቅበት ቀላል መንገድ አለ። ራዲያተሩን እስከ አንገቱ ሞልተው፣ ተጠባባቂው መያዣ ላይ ከታችኛው መስመር ጥቂት ከፍ አድርገው ይሙሉና የውሃውን ልክ በማርከር ያመልክቱ። መኪናውን ነድተው በደንብ ከሞቀ በኋላ ሲያዩት ልኩ ከምልክቱ ከፍ ማለት አለበት፤ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ምልክቱ መመለስ አለበት። ከፍ ብሎ ካልተመለሰ ወይ ትንሿ ቫልቭ ተይዛለች፣ ወይ ራዲያተሩንና መያዣውን የምታገናኘው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ ከውሃ ይልቅ አየር ትስባለች። ይህች ቱቦ ዋጋዋ ከምንም የማይቆጠር፣ ግን ማንም ዞር ብሎ የማያያት ናት።

ክዳን ሲገዙ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ መለዋወጫ ቤት ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡ። «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብለው 1.1 ወይም 1.3 የሚል የሚሰጡ አሉ። ይህ ምክር ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የፕላስቲክ ጣሪያ ላለው ራዲያተር ጎጂ ነው፤ ከመጠን ያለፈው ግፊት የደከመውን ክፍል ፈልጎ ይሰነጥቀዋል። ያገለገለ ክዳን በፍጹም አይግዙ።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ እንምጣ። «ዳገት ላይ ከሞቀ ቴርሞስታቱን አውጣው» የሚለው ልማድ በጋራዦቻችን በጣም የተስፋፋ ስለሆነ ጉዳቱን በዝርዝር ማስረዳት ግድ ይላል። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው ግን እንዳይቆም ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ቦይ ይዞራል። ሞተሩ ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍትና በታችኛው ሳህኑ ያን አቋራጭ ቦይ ይደፍነዋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራ የለም፤ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ክፍል ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ በሚበረታበት ዳገት ላይ ይህ ጉድለት ይሰማል። የቶዮታ የጥገና መመሪያም ሞተሩ የመሞቅ ጠባይ ቢያሳይ እንኳ ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ ያስጠነቅቃል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሞተሩ ለሥራ የሚገባውን ሙቀት ስለማያገኝ ኮምፒውተሩ ገና ያልሞቀ ሞተር ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ፍጆታዎ የጨመረው በዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከተነዳ ዘይቱ ውስጥ እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይበላል።

ስለዚህ አዲስ ቴርሞስታት ከነላስቲኩ ገዝተው መልሰው ያስገጥሙ፤ ከመገጠሙ በፊት ግን ቤትዎ ይፈትኑት። በገመድ ወይም በሽቦ አንጠልጥለው የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃ ውስጥ ያስገቡት፣ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ካለዎት አብረው ያንጠልጥሉ፣ እሳቱን ቀስ እያሉ ያሙቁ። ከ80 ዲግሪ በኋላ ሳህኑ ሲነሣ ማየት አለብዎት። መመሪያው 95 ዲግሪ ላይ 8 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ መነሣት አለበት ይላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን የድስትዎ ውሃ 92 ላይ ስለሚፈላ ያን ሙሉ ልክ ማየት አይችሉም፤ ባያዩትም ዕቃው ብልሹ ነው ብለው እንዳይመልሱት። ውሃው ሲፈላ በግልጽ ተከፍቶ፣ ከውሃው ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ጤነኛ ነው። ጠርዙ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒን ያለባት ቀዳዳ አለች፤ ሲገጠም ይህች ቀዳዳ ወደ ላይ መሆን አለባት፤ አየር የሚወጣው በእርሷ በኩል ነውና።

ክዳንና ቴርሞስታት ከተስተካከሉ በኋላ ቀጣዩ ራዲያተሩ ነው። የውጭውን በኩል ሲያዩት ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ኤር ኮንዲሽነር ያለው መኪና ከሆነ ግን በፊተኛው ኮንደንሰር (የኤር ኮንዲሽነሩ ራዲያተር) እና በመኪናው ራዲያተር መካከል የታመቀው አቧራ፣ ሣርና ነፍሳት ከፊት አይታይም። በባትሪ መብራት ከላይ ወደ መሀላቸው ይመልከቱ። ሲያጥቡት ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ ይልቀቁበት፤ በመኪና ማጠቢያ ጠንካራ ግፊት የተመታ ክንፍ ይተኛና አየር የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። የፕላስቲኩ ጣሪያ ቀለሙ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ከሆነና የጸጉር ያህል ስንጥቅ ከታየበት ራዲያተሩ ወደ መጨረሻው እየተቃረበ ነው። ውስጡ መደፈኑን ለማወቅ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ የራዲያተሩን ገጽ በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ከላይ እስከ ታች ይለኩ። ሙቀቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእርጋታ መቀነስ አለበት፤ መሀል ላይ በድንገት የቀዘቀዘ ሰፊ ቦታ ካለ ውሃ አያልፍበትም። በጥንቶቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ላይ የነበሩት የመዳብ ራዲያተሮች ጣሪያቸው ተፈትቶ ቱቦዎቹ በዘንግ ይጠረጉ ነበር፤ በእርስዎ ዓይነት አሉሚኒየም ላይ ይህ ስለማያዋጣ መቀየሩ ይሻላል።

ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) መፈተን ቀላል ነው። በዚህ ዘመን ኮሮላዎች ላይ የቬንትሌተሩ የሙቀት ስዊች ሲሞቅ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ ዓይነት በመሆኑ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን አብርተው የስዊቹን ሶኬት ሲነቅሉት ቬንትሌተሩ ወዲያው መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የቬንትሌተሩን ሞተር በየተራ ይመርምሩ። ሶኬቱን ሲነቅሉት ዞሮ፣ ሲገጠም ግን መኪናው እየሞቀም የማይነሣ ከሆነ ስዊቹ ነው። እጅዎንና የሸሚዝዎን እጅጌ ከክንፎቹ ያርቁ። የእርስዎ መኪና በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ስለማይሞቅ ቬንትሌተሩ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ በዝግታ በሚወጣ ዳገት ላይ ግን ሥራው ስለሚበዛ ማጣራቱ አይጎዳም።

ስለ ውሃው አንድ ነገር በጥብቅ ማሳሰብ እወዳለሁ። ውሃ በጎደለ ቁጥር ከቧንቧ የሚጨመር ከሆነ በቤት ማንቆርቆሪያ ታች የሚቀረው ነጭ ቅርፊት በሞተሩ ውስጥም ይጋገራል፤ እዚያ ግን የሚፍቀው የለም። ብዙ ሰው «አገራችን በረዶ ስለሌለ ኩላንት አያስፈልግም» ይላል። ለእኛ የኩላንት ዋና ጥቅሙ መፍያውን ከፍ ማድረጉና አሉሚኒየሙን፣ ብረቱንና የውሃ ፓምፑን ከዝገት መጠበቁ ነው። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ከ5 እስከ 6 ሊትር ስለሚይዝ ግማሹን ኩላንት፣ ግማሹን የተጣራ ውሃ አድርገው ይሙሉት። ኩላንቱ ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ «ብዙ ይሻላል» አያስኬድም። የተጣራ ውሃ ከባትሪ ቤት ሲገዙ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊቀርብ ስለሚችል ጽሑፉን አንብበው ይውሰዱ። የኩላንት ቀለም ዓይነቱን አያሳይም፤ አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ሲቀላቀል አንዳንዱ ይረጋልና ቀድሞ የነበረው ሳይታወቅ አይጨምሩበት፤ አጥበው እንደ አዲስ ይጀምሩ። ጣዕሙ የሚጣፍጥ መርዝ ስለሆነ የፈሰሰውን በግቢ ውስጥ ሕፃናትና ውሻ በሚደርሱበት አይተዉት።

ሲሞሉ የሚታመቅ አየር ራሱን የቻለ የሙቀት ምክንያት ነው። መኪናውን አፍንጫው ከፍ ባለ ስፍራ ያቁሙ፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ያዙሩ፣ ውሃውን በቀስታ እየጨመሩ የላይኛውን የጎማ ቱቦ በየመሀሉ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረግጡ) ያስነሡና ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ የጎደለውን ሞልተው፣ አንገቱ ላይ መንተክተክ ሳይጀምር ይክደኑት። ስንት ሊትር እንደገባ ይለኩ፤ ካፈሰሱት እጅግ ያነሰ ከገባ አየር ቀርቶበታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሃ መጉደሉ ከቀጠለ የግፊት መፈተሻ ያለው ጋራዥ ይሂዱ። መሣሪያው በክዳኑ ቦታ የሚገጠም፣ ጠቋሚ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ከክዳኑ ልክ ባልበለጠ ግፊት፣ ማለትም እስከ 0.9 ይሞላና ለ10 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ጠቋሚው ከወረደ ውሃ የሚወጣበት ቦታ አለ። የቱቦ ማሰሪያዎችን፣ በውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳና በዙሪያዋ የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ዱካ፣ እንዲሁም ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ይመልከቱ። የምንጣፉ መርጠብና የፊት መስታወት በሚጣፍጥ ሽታ መደብዘዙ የማሞቂያው ራዲያተር ማፍሰሱን ያሳያል። ግፊቱ ሲወርድ ውጭ ላይ ምንም ካልታየ ያን ጊዜ ሞተሩን ከውስጥ መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

ሌሎች ምክንያቶችን በአጭሩ ልጥቀስ። የላላ ቺንጋ የውሃ ፓምፑን በሚገባ አያዞርም። የታችኛው የጎማ ቱቦ ከደከመ ሞተሩ ከ2,500 ዙር በላይ ሲነሣ ተመጥምጦ ይጣበቃል፤ ረዳት ቤንዚን እየሰጠ እርስዎ ቱቦውን ያዩታል። ወደ ኋላ የቀረ ታይሚንግ (የካንዴላው እሳት የሚነሣበት ጊዜ)፣ የተደፈነ ማርሚታ ወይም ይዞ የማይለቅ ፍሬንም ሞተሩን ያለ ጥፋቱ ያሞቀዋል፤ ፍሬኑን ለማወቅ ሜዳ ላይ ነድተው ሲቆሙ ከአራቱ ቸርኬዎች አንዱ ከሌሎቹ በተለየ ይሞቅ እንደሆነ በእጅዎ ቀረብ አድርገው ይዩ።

ጋርኒሲዮኑን በተመለከተ ማስረጃዎቹ ግልጽ ናቸው። ካደረ ሞተር ላይ ክዳኑን አውጥተው ያስነሡት፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የማያቋርጥ አረፋ ከአንገቱ የሚወጣ ከሆነ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሲሞሉ ቀርቶ የነበረ አየርም መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ስለሚሰጥ አለማቋረጡን ልብ ይበሉ። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ከአራቱ አንዱ ብቻ ታጥቦ የነጣ ከሆነ ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር እርሱ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ነጭ ቅባት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በተለይ ቴርሞስታት በሌለው፣ አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት የሚመጣ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ሞተሩን አያስነሡት። የመጨረሻው ማረጋገጫ የራዲያተሩን አንገት አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ የሚፈትነው መሣሪያ ነው፤ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሞተሩ ይከፈት ያለዎት መካኒክ ከእነዚህ የትኛውን አይቶ እንደደረሰበት ይጠይቁት፤ ጥያቄው የሚያስቀይመው ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

እስከዚያ ድረስ ወደ ጎጃም መሄድ ግድ ከሆነ የሚከተለውን ያድርጉ። ጠቋሚው ከተለመደው ቦታ ሲነሣ ኤር ኮንዲሽነሩን ያጥፉ፣ መስኮቶቹን ከፍተው የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ያብሩ፤ ምቾት ባይኖረውም ትንሽ ራዲያተር እንደመጨመር ይቆጠራል። ማርሽ ቀንሰው ቤንዚኑን ሳይረግጡ በዝግታ ይውጡ። ካልቀነሰ መንገዱ ሰፋ ባለበት ዳር ይያዙ፤ እንፋሎት ከሌለ በሚኒሞ ያቆዩት፣ እንፋሎት ካለ ወይም ጠቋሚው ድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወደቀ ወዲያው ያጥፉት። ጠቋሚው ሲወርድ የሚደሰቱ አሉ፤ የሚወርደው ግን ውሃው ከሙቀት መለኪያው በታች ሲጎድል መለኪያው እንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር ነው። ክዳኑን ግን አይንኩት። ውስጡ ያለው ውሃ 110 ዲግሪ ሆኖ በግፊት ብቻ ሳይፈላ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት መፍያው ከ20 ዲግሪ ያላነሰ ወርዶ ከውሃው ብዙው በአንድ ጊዜ ወደ ፊትዎ ይፈነዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨምቀው ሲለሰልስ ብቻ በወፍራም ጨርቅ ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ፈተናው ጋርኒሲዮኑን ካረጋገጠና ሞተሩ መከፈቱ የማይቀር ከሆነ ገንዘብዎን የሚያድን አንድ መለኪያ አለ። ቴስታታው ወርዶ ከታጠበ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ እንዲያስቀምጡበትና በሥሩ ስስ መለኪያ እንዲያሳልፉ በፊትዎ ያስደርጉ፤ ለዚህ ሞተር በሲሊንደር ብሎኩ በኩል የሚፈቀደው ጥመት 0.05 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጨት አለበት፤ ሳይለካ አዲስ ጋርኒሲዮን ብቻ የሚገጠምበት ቴስታታ ተመልሶ ይመጣል። ብሎኖቹ ከመሀል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በመለኪያ ቁልፍ እንዲጠበቁ ያድርጉ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በእጅ ያለ ሞተር በጥንቃቄ መያዙ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የአንድ ቀን መዘግየት አያስቸኩልዎት። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ በዚሁ አጋጣሚ ይቀየር፣ አዲሱ ክዳንና ቴርሞስታትም አብረው ይገጠሙ፤ የመጀመሪያው የዳገት ሙከራ ደግሞ ወደ አባይ ሳይሆን ወደ እንጦጦ ይሁን፤ ቢሞቅ እንኳ ቤትዎ ቅርብ ነው።